የሚስተካከል አሞርዛተር ሳይገጠም ጉድለት ሲገኝበት፦ ይመለስ፣ ይታደስ ወይስ እንዳለ ይገጠም?

አሞርዛተር የመኪናን ንጥት የሚያረግብ ዕቃ ነው፤ የሚስተካከለው ደግሞ ልስላሴውና ጥንካሬው በማስተካከያ ይለወጣል። ከመርካቶ ተገዝቶ በአውቶቡስ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር የደረሰ እንዲህ ያለ አሞርዛተር ካርቶኑ ተከፍቶ ሲሞከር «ይሄማ ባዶ ነው» ወይም «ማስተካከያው ምንም አይለውጥም» መባሉ የተለመደ ነው። ገና መኪናው ሥር ስላልገባ ግን ምርጫው ሁሉ ክፍት ነው። አንዴ ዳዶው (የቡሎኑ ማሰሪያ) ከጠበቀ፣ ጎሚኒው (የቀለበቱ ላስቲክ) ከተጨፈለቀና ጭቃ ከነካው በኋላ ሻጩ «ስትገጥሙት ነው ያበላሻችሁት» ቢል መልስ መስጠት ይከብዳል። ስለዚህ ክሪክ ከማንሳት በፊት አንድ ቀን ከነሌሊቱ ለፍተሻ ማዋል አያስቆጭም።

ጉድለቱ ከተረጋገጠ ያሉት መንገዶች ዕቃውን መልሶ መቀየር፣ ማሳደስ፣ ዋጋ አስቀንሶ እንዳለ መግጠም፣ ወደማይስተካከለው ተራ አሞርዛተር መዞር፣ ወይም አሮጌውን ይዞ መቆየት ናቸው። የትኛው እንደሚያዋጣ ለመለየት አንድ ጥያቄ ይቀድማል፦ የተበላሸው ማርገቢያው ነው ወይስ ማስተካከያው? ማርገቢያው ዘይቱ፣ ቫልቩ፣ ፓራኦሊው (ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋው ላስቲክ) እና ዘንጉ ነው፤ እሱ ከተነካ ዕቃው አሞርዛተር አይባልም። ማስተካከያው ብቻ ከተጣበቀ ግን ዕቃው አሁንም ተራ አሞርዛተር ሆኖ ሊያገለግል ይችላል።

ጉድለት የሚመስል፣ ግን ያልሆነ

ተበላሽቷል ተብሎ የሚመለሰው አንዳንዴ አየር የያዘ ብቻ ነው። ባለ መንታ ቱቦ አሞርዛተር ውስጠኛው ቱቦ በዘይት የተሞላ ነው፤ በውጨኛው ቱቦ ደግሞ ከታች ዘይት፣ ከላይ ጋዝ ወይም አየር ይቀመጣል። ዕቃው ቆሞ ሲቀመጥ ሁለቱ በየቦታቸው ይሆናሉ። አውቶቡስ ላይ ተጋድሞ፣ ዓባይ በረሃን ወርዶና ወጥቶ፣ እስከ ደብረ ማርቆስ ብቻ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲናጥ ግን ጋዙ ወደ ውስጠኛው ቱቦ ይገባል። ከዚያ ዘንጉን ሲጫኑት የመጀመሪያዎቹ 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትሮች ያለ ምንም ተቃውሞ ይወርዳሉ። አንዳንዴም ያጉረመርማል።

ማስወጣቱ ቀላል ነው። አሞርዛተሩን ዘንጉ ወደ ላይ ሆኖ ቀጥ አድርገው ያቁሙትና ዘንጉን እስከ መጨረሻው ይሳቡ። ከዚያ ገልብጠው፣ ዘንጉ ወደ ታች እንደሆነ፣ እስከ መጨረሻው ይጫኑ። ተጭኖ እንዳለ መልሰው ያቁሙና እንደገና ይሳቡ። ይህን 5 ወይም 6 ጊዜ ሲደግሙት ባዶው ጉዞ መጥፋት አለበት። ከጠፋ ዕቃው ደህና ነው፤ እስኪገጠም ድረስ ግን አያጋድሙት። 10 ጊዜ ተደርጎም ባዶው ጉዞ እዚያው ካለ ዘይቱ ጎድሏል ወይም የታችኛው ቫልቭ አይዘጋም፤ ያ እውነተኛ ጉድለት ነው። ባለ አንድ ቱቦውና ከፍተኛ ግፊት ያለው ዓይነት ዘይቱና ጋዙ በተንሳፋፊ ፒስተን ስለሚለያዩ ይህ አይመለከተውም። እሱ ተጋድሞ መጥቶ ባዶ ጉዞ ካሳየ በቀጥታ ጉድለት ነው።

የዘንጉ በራሱ መውጣትና አለመውጣትም ያሳስታል። ጋዝ ያለው አሞርዛተር ማሰሪያው ሲፈታ ዘንጉ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ዘይት ብቻ ያለው ባለበት ይቆያል። ሁለቱም እንደ አሠራራቸው ትክክል ናቸው። ባለ አንድ ቱቦው ደግሞ በእጅ አልጫን ሲል «ደርቋል» ይባላል። 14 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ በ25 ባር ግፊት ወደ 39 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ወደ ውጭ ይገፋል፤ ሰው በሁለት እጁ ቢታገለው አያስደንቅም። የሚያጠራጥረው አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸው ሁለት አሞርዛተሮች አንዱ ሲወጣ ሌላው ባለበት ሲቀር ነው፤ የቀረው ጋዙን አፍስሷል።

(ጋዙ ደጋ ላይ ይለወጣል የሚባለውን ይተዉት። ደብረ ማርቆስ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል በሩብ ባር ገደማ ቢቀንስ ነው፤ በመንታ ቱቦ ውስጥ ካለው ጥቂት ባርም ሆነ በአንድ ቱቦ ውስጥ ካለው 20 እና ከዚያ በላይ ባር አንጻር ከቁም ነገር አይገባም።)

ዘንጉ ላይ የሚታይ ስስ የዘይት ቅባት ከፋብሪካ የሚመጣ ሊሆን ይችላል። በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት፣ ዘንጉን 10 ጊዜ ያመላልሱት፣ ከዚያ ነጭ ወረቀት ላይ አቁመው ያሳድሩት። ጠዋት ፓራኦሊው ዙሪያ እንደገና ከረጠበ ወይም ወረቀቱ ላይ ጠብታ ካለ ያፈስሳል። ባለ ማዞሪያ ከሆነ ማዞሪያው የገባበትን ቀዳዳም ይዩ፤ በዚህ ዓይነት አሞርዛተር ማፍሰሻው ሁለት ቦታ ነው።

ማስተካከያውን መሞከር

እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት አንድ ነው፦ ዘንጉን ወደ ታች እየተጫኑ ልዩነት መፈለግ። ብዙ የሚስተካከሉ አሞርዛተሮች፣ ለምሳሌ ኮኒ ከሚባለው ስሪት አብዛኛው፣ የሚያስተካክሉት ዘንጉ ሲወጣ ያለውን ተቃውሞ ብቻ ነው። ሲጫኑት ለስላሳውም ጠንካራውም አንድ ነው። ስለዚህ ፈተናው በመሳብ ነው።

ታች ገላው ላይ ማዞሪያ ያለው እንደ ራንቾ ዘጠኝ ሺህ (RS9000) ስሪት ያለው ዓይነት ከ1 እስከ 9 ቁጥር አለው፤ 1 ለስላሳ፣ 9 ጠንካራ። በእጅ ሲዞር በየቁጥሩ «ቀጭ» የሚል ስሜት ሊኖረው ይገባል። ሳይቀጭ በባዶው የሚሽከረከር ከሆነ ውስጥ ያለው ዘንግ ተላቋል ወይም ተሰብሯል። ጭራሽ አልዞር ካለ በፒንሳ አያስገድዱት፤ ውስጡ ያለው ቀጭን ዘንግ ከተሰበረ ጥፋቱ ከሻጩ ወደ እርስዎ ይዞራል።

ተጭኖ የሚዞረው የኮኒ ዓይነት ላዩ ላይ ማዞሪያ ስለሌለው «ማስተካከያ የለውም፣ ተታለልኩ» የሚል ብዙ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከአቧራ መከላከያው ሥር መግቻ ላስቲክ ካለ ያውጡ፤ ዘንጉን እስከ መጨረሻው ይጫኑ፤ እንደተጫነ ቀስ ብለው ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ያዙሩት፤ ታች ያለው ጥርስ ሲገጥም በእጅ ይታወቃል። ከዚያ ቀስ ብለው እስኪቆም ድረስ በዚያው አቅጣጫ ያዙሩና ስንት ግማሽ ዙር እንደሄደ ይቁጠሩ። መቆሚያው የለስላሳው ጫፍ ነው፤ በሰዓት አቅጣጫ ሲዞር ይጠነክራል፣ ጠቅላላው ጉዞ 2 ዙር ገደማ ነው። ሲጨርሱ ዘንጉን ሳያዞሩ ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር ቀጥ አድርገው ይሳቡት፤ አለዚያ ያስተካከሉት ይዛባል። ኮኒ ከፋብሪካ የሚወጣው በለስላሳው ጫፍ ላይ ሆኖ ነው። አንዱ ከመቆሚያው 1 ዙር ርቆ ከተገኘ ሰው እጅ ገብቶ የተመለሰ ዕቃ ሊሆን ይችላል፤ ጉድለት ባይሆንም ሻጩን መጠየቅ ተገቢ ነው።

በኤሌክትሪክ የሚስተካከለው፣ በአንዳንድ ፕራዶ ላይ ያለው ዓይነት፣ መኪናው ላይ ሳይሰካ በሙሉ አይፈተሽም። ከላይ ያለችው ቀጭን ዘንግ በእጅ ትንሽ መዞሯን ማየት ይቻላል፤ ከዚያ ያለፈውን ከሻጩ ጋር አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት ነው።

ለመንታ ቱቦው የሚሆን መሣሪያ የማይጠይቅ ፈተና አለ። ሁለቱን አሞርዛተሮች ሌሊቱን አንድ ክፍል ውስጥ አቁመው ያሳድሩ፤ የደብረ ማርቆስ ጠዋት ብርድ ውጭ ያደረውን ዘይት ስለሚያወፍር አንዱ ውጭ አንዱ ውስጥ ካደረ ንጽጽሩ ይበላሻል። አየሩን አስወጥተው አንዱን ከዘንጉ በኩል በጠንካራ ቡሎን ከብረት አግዳሚ ላይ ይስቀሉት። ከታችኛው ቀለበት ላይ 20 ሊትር ውሃ የሞላ ጀሪካን ያንጠልጥሉ፤ 20 ኪሎ ነው። ጀሪካኑን አንስተው አሞርዛተሩ ሙሉ በሙሉ እንዲገባ ያድርጉ፣ ይልቀቁ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ያለውን ሰከንድ በስልክ ይያዙ። በለስላሳው ጫፍ ሦስት ጊዜ፣ በጠንካራው ጫፍ ሦስት ጊዜ፤ ከዚያ ሁለተኛውን እንዲሁ። አንዱ በሁለቱ ጫፎች የተለያየ ሰዓት ሲሰጥ ሌላው በሁለቱም አንድ ከሆነ፣ የኋለኛው ማስተካከያ ከቫልቩ ጋር አልተገናኘም። ሁለቱም ልዩነት ካላሳዩ ወዲያው አይፍረዱ፤ አንዳንዱ ማስተካከያ የሚሠራው በፍጥነት ሲመታ እንጂ በጀሪካን ዝግታ ላይ አይደለም። በአንድ ቁጥር ላይ ሆነው አንዱ ከሌላው እጥፍ ከፈጠነ ግን ችግሩ ከማስተካከያው አልፎ ማርገቢያው ውስጥ ነው።

በመጨረሻ ዘንጉን አውጥተው ገላውን ይዘው ያዙሩት፤ ከተወላገደ ታጥፏል። ጥፍርዎን በክሮሙ ላይ ያስኪዱ፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ፓራኦሊውን ይበላል። ከአሮጌው ጋር ርዝመቱን ገብቶም ወጥቶም ይለኩ፣ የጎሚኒውን ብረት ስፋትና ቀዳዳ ያወዳድሩ። ከፍ ለተደረገ መኪና የተሠራ ረጅም አሞርዛተር መደበኛ መኪና ላይ ቢመጣ ዕቃው አልተበላሸም፣ ስህተት ዕቃ ነው፤ መፍትሔው መመለስ ብቻ ነው።

መመለስ

ማርገቢያው ከተነካ፣ ማለትም ካፈሰሰ፣ ባዶ ጉዞው አልጠፋ ካለ፣ ዘንጉ ከታጠፈ ወይም ጋዙ ከወጣ፣ ሌላ ምርጫ ላይ ጊዜ አያጥፉ። ሻጮች «ስትነዳው ይፈታታል» ወይም «ሲሞቅ ይስተካከላል» ይላሉ። ጎሚኒ ሊለዝብ ይችላል፤ የፈሰሰ ዘይት ግን በመንዳት አይመለስም።

አመላለሱ ላይ የሚያሸንፈው ማስረጃው ነው። ዘንጉ በፒንሳ ወይም በሞርሳ እንዳልተያዘ፣ ቡሎን ማስገቢያው እንዳልተፋቀ የሚያሳይ ፎቶ ያንሱ። የአሞርዛተሩ ገላ ላይ የተጻፈው ቁጥርና የካርቶኑ ቁጥር በአንድ ፎቶ ይግቡ። የጀሪካኑን ፈተና ሁለቱን አከታትለው በቪዲዮ ይቅረጹ፤ ከቃል ይልቅ ያ ሻጩን ዝም ያሰኛል። ከዚያ በዚያው ቀን ይደውሉና መልእክትም ይላኩ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢው ዕቃውን እንደተመቸው ወዲያው እንዲመረምርና ጉድለቱን ለሻጩ ሳይዘገይ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል፤ ስለዚህ አሞርዛተሩን ገዝቶ ክረምቱን መጋዘን ውስጥ ማስቀመጥና በጥቅምት «ያፈስሳል» ማለት መብትን ማዳከም ነው። በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሆነ በፍርድ ቤት ያለ ደረሰኝ ብዙ ርቀት አይኬድም። ደረሰኙ ላይ «አሞርዛተር 2» ብቻ ከተጻፈ በቂ አይደለም፤ የዕቃው ቁጥርና «የሚስተካከል» የሚለው ቃል ሲገዙ ይጻፍ።

መልሰው ሲልኩ ጥንዱን ይላኩ። አንዱን ብቻ ቢቀይሩ በሌላ ጊዜ የተመረተ ሊደርስዎ ይችላል፤ ቁጥራቸው አንድ ቢሆንም በእጅ ሲሳቡ የሚለያዩ አይጠፉም። በመንገድ እንዳይጋደም ማስገደድ አይቻልም፤ ሲደርስ አየሩን ማስወጣት እንደሚያስፈልግ ግን ለተቀባዩ ይንገሩት፤ አለዚያ ደህናውንም እንደ ብልሹ ይቆጥረዋል።

ከባሕር ዳር ወይም ከደብረ ማርቆስ ሱቅ መግዛት ከመርካቶ ይወደድ ይሆናል። የሚስተካከል አሞርዛተርን በመሰለ ውድና ለክርክር በሚመች ዕቃ ላይ ግን ያ ልዩነት የመመለሻ ዋስትና ዋጋ ነው፦ ብልሹው በባጃጅ ሄዶ ይመለሳል፣ ሱቁ ደጃፍ ላይም ሁለቱን ጎን ለጎን መሞከር ይቻላል። ለተራ አሞርዛተር መርካቶ፣ ለሚስተካከል ቅርብ ያለ ሱቅ፤ የእኛ ምክር ይህ ነው።

ማሳደስ

እውነተኛ እድሳት የሚቻለው ሊፈታ ተብሎ በተሠራ አሞርዛተር ላይ ነው፦ ከላይ በጥርስ የሚዘጋ ክዳን ወይም የናይትሮጅን መሙያ ቫልቭ ያለው። አዲስ ሆኖ ሳለ ለዚያ መክፈል ደግሞ ሻጩ ሊሸከመው የሚገባውን ወጪ በራስ ላይ ማዞር ነው። ሻጩ ጠፍቶ ወይም ዕቃው ከውጭ በሰው መጥቶ ካልሆነ አያዋጣም።

ጋራዦች የሚሠሩት ሌላኛው ዓይነት ገላውን በስቶ ዘይት ጨምሮ በብየዳ መድፈን ነው። የብየዳው ሙቀት ፓራኦሊውንና የፒስተኑን ቀለበት ያቃጥላል፤ የብረት ብናኙ ቫልቩ ውስጥ ይገባል፤ ጋዙም በቀዳዳው ይወጣል። የሚጨመረውም ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ነው፦ 40 ቁጥር የሞተር ዘይት ወይም 90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት ለአሞርዛተር ቀጭን ቫልቭ እጅግ ወፍራም ነው፣ በኮሶበር ብርዳማ ጠዋት እንደ ድንጋይ ያደርገዋል፤ የፍሬን ዘይት ደግሞ ፓራኦሊውን ያሳብጠዋል። ባለ አንድ ቱቦውን መብሳት ከዚህም የከፋ ነው፤ 25 ባር ግፊት ያለበት ብረት ሰው ሊጎዳ ይችላል።

ዋጋ አስቀንሶ እንዳለ መግጠም

ማርገቢያው ደህና፣ ማስተካከያው ብቻ የተጣበቀ ከሆነ ይህ ከሚታሰበው በላይ ጥሩ መንገድ ነው። የተጣበቀበት ቦታ ግን ወሳኝ ነው። ከ9 ውስጥ 3፣ 4 ወይም 5 ላይ ከሆነ ለብዙ መኪና ይስማማል። 9 ላይ ከተጣበቀ ከአስፋልት ወጥቶ በሚሄድ የጠጠር መንገድ ላይ ጎማው መሬቱን መከተል ያቅተዋል፣ ምቱ በሙሉ ወደ ሻንሲው መያዣ ይሄዳል፤ መያዣው ሲሰነጠቅ የሚከፈለው ከአሞርዛተሩ ይበልጣል። 1 ላይ ከተጣበቀ ደግሞ ጭነት ሲያዝ መኪናው ይዋዥቃል።

ማዞሪያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ግን አይመኑ፤ የተላቀቀ ማዞሪያ 4 እያሳየ ውስጡ 8 ላይ ሊሆን ይችላል። የተጣበቀውን በጀሪካን ይለኩ። ከዚያ ደህናውን ከ1 ጀምሮ በየቁጥሩ እየለኩ ሰዓቱ የሚገጥምበትን ይፈልጉ። የገጠመበት ቁጥር የሁለቱም ቁጥር ይሆናል። በየትኛውም ቁጥር ካልገጠሙ ይህ ምርጫ ተዘግቷል። ይህ መንገድ ከፊት ጥንድ ይልቅ ለኋላ ጥንድ ይሻላል፤ ደህናው ማዞሪያም ሰው እንዳይነካው በቴፕ ይታሸግ፣ አለዚያ በሚቀጥለው ጋራዥ «ለምን አንሷል» ብሎ የሚያዞረው አይጠፋም። ከሻጩ የሚጠየቀው ቅናሽ ዋጋውን ቢያንስ ወደ ተራው አሞርዛተር ዋጋ ማውረድ አለበት፤ የገዙት አሁን ያ ነውና።

ወደ ተራው መዞር፣ ወይም መቆየት

ኮሮላና ቪትዝ ይዞ በባሕር ዳር አስፋልት ለሚውል ሰው የሚስተካከል አሞርዛተር ትርፍ ወጪ ነው። ጉድለቱ ገንዘቡን ለማስመለስ ጥሩ ምክንያት ሆኖለታል፤ ልዩነቱን ለጎማ ቢያውለው ይሻላል። ባዶውን ሄዶ ጤፍ ጭኖ ለሚመለስ ሃይሉክስ ግን በባዶ 2 ወይም 3፣ በጭነት 6 ወይም 7 ማድረግ መቻሉ ትርጉም አለው፤ እዚያ ቅያሪውን መጠበቅ ያዋጣል። የሚነዱት በቢቸና በኩል ባለው ጥቁር አፈር ከሆነ ሌላም ነገር ያስቡ፦ ክረምት ላይ ዋልካው ታች ያለውን ማዞሪያ ሸፍኖ ይደርቃል፣ በዓመቱ ደህናውም ይጣበቃል። በየሁለት ሳምንቱ ማጠብና ከጫፍ ጫፍ ማዞር የማይሆንልዎ ከሆነ ተራውን ይግዙ፣ ወይም ማስተካከያው ከላይ ያለውን ይምረጡ።

ቅያሪው እስኪመጣ አሮጌዎቹ ካላፈሰሱ በእነሱ መቆየት ይቻላል። አዲሱን ደህና አሞርዛተር በአንድ ጎን፣ አሮጌውን በሌላው መግጠም ግን አይሞከርም። በድንገተኛ ፍሬን አንዱ ጎማ መሬት ይዞ ሌላው ሲዘል መሪው ወደ አንድ ወገን ይሳባል፤ ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ ይህ ሲደርስ ማረሚያ ቦታ የለም። አሮጌዎቹም ካፈሰሱ ጉዞው በከተማ ውስጥ ይወሰን፣ ወይም ርካሽ ተራ ጥንድ ተገጥሞ የሚስተካከለው ሲደርስ እነሱ ለመጠባበቂያ ይቀመጡ።

ቅያሪው ሲመጣ የመጀመሪያውን ፍተሻ እንደገና ከአየር ማስወጣት ይጀምሩ። ሲገጠም የዘንጉ ዳዶ በአየር ቺያቬ (በአየር ግፊት በሚሽከረከር መፍቻ) አይጥበቅ፤ ዘንጉ አብሮ ተሽከርክሮ ማስተካከያውን ሊሰብር ይችላል። የቀለበቶቹ ቡሎን መጨረሻ የሚጠብቀው መኪናው ከክሪክ ወርዶ በጎማው ከቆመ በኋላ ነው፤ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ጎሚኒው ተጠማዞ ይቀርና በጥቂት ጊዜ ይቀደዳል።